«የትም ቢያድር ያው ነው» ለሚሉ

«ሰው ቤት ካገኘ ምን ጎደለው? የትም ቢያድር ያው ነው» የሚሉ ሰዎች በየቢሮው ያጋጥሙናል። እኛ በበኩላችን ይህን አነጋገር አንቀበለውም።

ካዛንቺስን እንመልከት። ስሙ የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረ ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። (እንደ እኛ ላሉ የቢሮ ሰዎች መሆኑ ነው!) እንግዲህ በስሙ ውስጥ ፍቅር የሚባል አልነበረበትም። ሕዝቡ ግን በአንደበቱ አለዝቦ የራሱ አደረገው፤ ቡና ተጠራራበት፤ ልጅ ዳረበት፤ ሬሳ ሸኘበት። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ነዋሪው ያዘነው ለጭቃው ግድግዳ አልነበረም። ግድግዳውማ ብዙው ያዘመመ፤ ጣራውም የሚያፈስ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ያዘነው ለዕድሩና ለጎረቤቱ ነው።

«ቤቴል ማደሪያ እንጂ ሰፈር አይደለችም» እያሉ እሑድ እሑድ ወደ ፒያሳ የሚያማትሩ ጎረቤቶቻችንም ተሳስተዋል። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው ቤቴል አስቀድሞ ሎዛ ትባል ነበር፤ ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ አድሮ፤ ሕልም አይቶ ስሟን ለወጠው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። በእኛይቱም ቤቴል ልጆች ተወልደውባታል፤ ለቅሶ ተቀምጠንባታል።

ስለዚህ በልማት የሚነሣ ሕዝብ በዕጣ አይበተን፤ የአንድ ዕድር ሰዎች ባንድነት ይስፈሩ፤ ለድንኳናቸውና ለድስታቸውም አንዲት ክፍል ትሰጣቸው እንላለን። ቅጹን የምናዘጋጀው እኛው የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ «ዕድርዎ የት ነው?» የምትል አንዲት መስመር ለመጨመር ብዙ ስብሰባ የሚያስፈልግ አይመስለንም።