ፓምፑስ የት አለ?

ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው የተራራ ብስክሌት ሊገዛ የመጣ ሰው ማርሹን ይቆጥራል፣ ፍሬኑን ይጨብጣል፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ከኮርቻው ዝቅ ብሎ ፍሬሙ መሀል የተቀመጠውን የኋላ ሾክ ግን አንድ ሁለቴ ጫን ጫን አድርጎ «ይሠራል» ብሎ ያልፈዋል። ሻጩም ደስ ይለዋል። ሾኩ ውስጥ ያለው አየር በማን ክብደት ልክ እንደተሞላ የሚጠይቅ የለም። የቀድሞው ባለቤት መቶ ኪሎ፣ አዲሱ ስልሳ ሊሆን ይችላል።

በአየር የሚሠራ ሾክ ከፋብሪካ ሲወጣ አላለቀም። የሚጨርሰው ጋላቢው ነው፤ መጨረሻውም በኪሎው ልክ አየር መሙላት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ያለ ሾክ ፓምፕና ያለ ልኬት የሚሸጥ ባለ አየር ሾክ ብስክሌት ግማሽ ዕቃ ነው። ብስክሌቱን በሙሉ ዋጋ እያስረከበ «ፓምፑን ከሌላ ቦታ ፈልግ» የሚል ነጋዴ ሊወቀስ ይገባል።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። በሞላ የሚሠራ ሾክ ከጋላቢው ክብደት ጋር ካልተስማማ ሞላው ራሱ መቀየር አለበት። በአየር የሚሠራው ግን ሲሊንደር ውስጥ በታፈነ አየር ላይ ያርፋል፤ ፒስተኑ ሲገባ አየሩ ይጠባል፣ ግፊቱም ያድጋል። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው ሕግ ይኸው ነው፦ ሙቀቱ ካልተለወጠ ይዘቱ በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ለዚህም ነው የአየር ሾክ መጀመሪያ ላይ ለስልሶ ወደ መጨረሻው የሚጠነክረው። ከአየሩ ጎን በትናንሽ ቀዳዳዎች እየተሹለከለከ የሾኩን ፍጥነት የሚገታ ዘይት አለ። ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ደግሞ በናይትሮጅን ግፊት ይያዛል። አየሩ ይገፋል፣ ዘይቱ ይገራል።

የኋላ ሾክ ለጌጥ ነው የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የወንዶች የተራራ ብስክሌት ውድድር የቼኩ ያሮስላቭ ኩልሃቪ የኋላ ሾክ ባለው ብስክሌት ወርቁን ሲወስድ፣ ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር የፊት ሾክ ብቻ ባለው ብስክሌት በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ተቀድሞ ብር አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በሪዮ ሹርተር ወርቁን ሲያጠልቅ የጋለበው የኋላ ሾክ ያለው ብስክሌት ነበር። ድሉን ያመጣው ሾኩ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ችሎታም ጉልበትም አለበት። ነገር ግን በግራም በሚከራከሩ ሰዎች ዘንድ ያ ዕቃ ክብደቱን ተሸክሞ ቦታ አግኝቷል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ጋላቢው ቦርሳውን፣ ውኃውንና የራስ ቁሩን ይዞ፣ ብስክሌቱ ላይ ረጋ ብሎ ሲቀመጥ ሾኩ ትንሽ መስመጥ አለበት። ባለሙያዎች ይህን «ሳግ» ይሉታል። ለአብዛኛው የተራራ መንገድ ከሾኩ ሙሉ ጉዞ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይበቃል። ሾኩ 55 ሚሊሜትር የሚጓዝ ከሆነ 30 በመቶው 16.5 ሚሊሜትር ነው። መለኪያው ዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ የላስቲክ ቀለበት ናት፤ ወደ ማሸጊያው ተጠግታ ትቀመጣለች፣ ጋላቢው ሳይነጥር ተቀምጦ ቀስ ብሎ ሲወርድ የተገፋችበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ብዙ ሰመጠ? አየር ይጨመር። ጥቂት ሰመጠ? ይቀነስ። ለመነሻ ያህል የጋላቢውን ክብደት በፓውንድ ወስዶ በዚያው ቁጥር ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) መሙላት የተለመደ ነው፤ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ165 ይጀምራል። የፍሬሙ አሠራር ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ግን ቀለበቷ ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ጎሚስታ ይሮጣል። አይሆንም። የመኪና ጎማ በሠላሳ ምናምን ፒኤስአይ ይሄዳል፤ ሾክ ግን 200 ሊጠይቅ ይችላል፣ የሚይዘውም አየር ጥቂት ነው። የኮምፕሬሰር አንድ እስትንፋስ ወይ አያደርሰውም ወይ ከልክ ያሳልፈዋል። የሾክ ፓምፕ ቀጭን ነው፤ በእያንዳንዱ ግፊት ጥቂት አየር ያስገባል፣ ብዙዎቹም ጌጃቸው እስከ 300 ይቆጥራል። በየ50 ፒኤስአዩ ቆም ብሎ ሾኩን በቀስታ ጥቂት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፤ ከፒስተኑ ማዶ ያለው ሁለተኛ ክፍል የሚሞላው ያኔ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ዛሬ ትክክል ያለው ልኬት ነገ ተቀይሮ ያገኘዋል። ፓምፑ ሲነቀል የሚሰማው «ፍስስ» የሚል ድምፅ ደግሞ ከቱቦው የሚወጣ እንጂ ከሾኩ አይደለም። ልኬቱን ለማረጋገጥ ፓምፑን መልሶ የሚሰካ ሰው ጌጁ ዝቅ ብሎ ቢያይ አይደንግጥ፤ ቱቦው ድርሻውን ወስዶ ነው።

ሾኩ ላይ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነው ቁልፍ ደግሞ ሾኩ ከተጫነ በኋላ የሚመለስበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ከፈጠነ ጋላቢውን ይወረውራል፤ ከዘገየ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደራረብ ሳይመለስ እየሰመጠ ይሄዳል። ተቀምጦ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ መውረድ በቂ ፈተና ነው፤ ኮርቻው አንዴ ነጥሮ ከረጋ ደህና ነው። አየር ሲጨመር የመመለሻው ፍጥነትም እንደገና መስተካከል አለበት።

ከፍታስ? በሀገራችን የሚነሳ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ጋላቢ ከ1,000 ሜትር በላይ ያቆለቁላል። የውጭው አየር ግፊት በሁለት ፒኤስአይ ገደማ ስለሚጨምር ጌጁ ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ቢጨምር ግን 200 ላይ የነበረ ሾክ 11 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ከከፍታው ይልቅ ሙቀቱ ይበረታል ማለት ነው። በማለዳ ብርድ የተለካ ሾክ ቆላ ሲደርስ መጠንከሩ ከዚህ ነው።

ጥገናው ላይ ድንበር አለ። ዘንጉን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ማሸጊያውን የሚበላው አቧራና ጭቃ ነውና። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ማጠብ ደግሞ ጭቃውን ወደ ውስጥ መላክ ነው። የሾክ አምራቹ ሮክሾክስ የአየር ክፍሉ በየ50 ሰዓት ግልቢያው ተከፍቶ እንዲጸዳ ይመክራል፤ ሌላው አምራች ፎክስ ደግሞ በየ125 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ሙሉ ጥገና ይላል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ለሚጋልብ 50 ሰዓት አራት ወር ያህል ነው። አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ ክፍሉን መክፈት፣ ማሸጊያዎቹን መቀየር፣ ለሾክ የተሠራ ግራሶ መቀባት፤ ይህን መመሪያውን የሚከተልና እጁ የተፍታታ ሰው ቤቱ ይሠራዋል። በቤንዚን ማጠብ ግን ላስቲኩን ሊጎዳ ስለሚችል ይቅር።

ናይትሮጅን ያለበት የዘይት ክፍል በቤት አይነካም። አየሩ ከወጣ በኋላ ተጨብጦ የቀረ፣ አልመለስ ያለ ሾክም እንዲሁ፤ ውስጡ የታፈነ ግፊት ስላለ ሲፈታ ሰው ሊያቆስል ይችላል። ይህን የሚሠራ ባለሙያ በቅርብ በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው የሚሻለው፣ ቢመርም እውነቱ፣ የፊት ሾክ ብቻ ያለው ብስክሌት ነው።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ፓምፑ አብሮ መኖሩን፣ ሾኩ መቼ ተከፍቶ እንደተጸዳና ለዚያ ሞዴል የሚሆን ማሸጊያ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቅ። ሻጩ መልስ ካጣ የፓምፑና የአንድ ሙሉ ጥገና ሂሳብ ከዋጋው ላይ ይነሳ።