የዕለቱ ዜናና የዕለቱ ታሪክ

ዜና የሰማ ሰው ሁሉ ነገሩን ያወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን መስማትና ማወቅ አንድ አይደሉም። ዛሬ የሚሰማው ነገር ሥሩ ትናንት የተተከለ ስለሆነ፣ ሥሩን ያላየ ሰው ቅጠሉን ቆጥሮ ይመለሳል። ስለዚህም ጋዜጦችና ራዲዮ ከዕለቱ ዜና አጠገብ «ታሪክ በዛሬው ቀን» እያሉ አንዲት አጭር መስመር ማኖራቸው መልካም ልማድ ነው። ይኸው ልማድ ዛሬ በእጅ ስልክ ሳይቀር ስለ ተስፋፋ፣ ተማሪውና ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ገና ከቤቱ ሳይወጣ በዚያ ቀን የተወለደውን ንጉሥና የተፈረመውን ውል ያነባል።

ልማዱን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ቀን ብቻውን ታሪክ አይደለም። ያለ ምክንያቱ የተነገረ ቀን በግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ጌጥ ነው፤ ያምራል እንጂ አይመክርም። ታሪኩ ዜናውን እንዲመዝን ከተፈለገ ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከምን ተነሥቶ ምን እንዳስከተለና ለዛሬው ሥራ የሚጠቅመው ምን እንደ ሆነ ነው። ለእነዚህ ለሦስቱም ሰሜን ሸዋ፣ በተለይም አንኮበርና ደብረ ብርሃን፣ በቂ ምስክሮች ናቸው።

መጀመሪያ ስለ አቆጣጠሩ እንናገር። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ዕለቱ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። በዛሬው ዘመን ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። ይህ የሆነው የተሳሳተ ሰው ስላለ አይደለም። እኛ ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ ያለ ማቋረጥ 6 እናደርጋለን፤ ፈረንጆቹ ግን እንደ 1900 ያለውን፣ ለ400 የማይካፈለውን የመቶ ዓመት መዝጊያ ከዚህ ደንብ ያስወጡታል። በዚህም ምክንያት ሁለቱ አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ተራራቁ። ይህን ያላወቀ ሰው የፈረንጁን ማርች 1 ይዞ በዛሬው ሰንጠረዥ ወደ እኛ ቢመልሰው የካቲት 22 ያገኛል። እንዲሁም የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር በፈረንጆች ኖቬምበር 16 ቀን 1841 የተዋዋሉት ውል በትክክል ሲቆጠር ኅዳር 8 ቀን 1834 ዓ.ም. ይሆናል እንጂ ኅዳር 7 አይደለም።

ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዐድዋ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ከአባቱ የሰማ ገበሬ፣ ሰንጠረዥ ከያዘው የተማረ ሰው ይልቅ ቀኑን ሳያዛንፍ ጠብቆት ይገኛል። የሌላውን መለኪያ ማወቅ ለዛሬ ሰው ግድ ነው፤ የራሱን መለኪያ የሚያስጥለው ከሆነ ግን ትምህርቱ ጎደሎ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ምክንያትና ስለ ውጤት ነው። በ1869 ዓ.ም. የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኬዝ አንቲኖሪ መሪነት ሸዋ ሲደርሱ፣ ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። አንቲኖሪ ስለ አዕዋፍ የሚመረምሩ ሊቅ ነበሩ፤ በ1874 ዓ.ም. በዚያው በሌት ማረፊያ ዐረፉ። «አንቲኖሪ በዛሬው ቀን ሞቱ» ብሎ የሚያልፍ መስመር እውነት ነው፤ ነገር ግን ተከታዩ ነገር ካልተነገረ ለአንባቢው አይረባውም።

ከሊቃውንቱ በኋላ የኢጣልያ መንግሥት ጉዳይ አስፈጻሚ ሆነው ካውንት አንቶኔሊ በሸዋ ተቀመጡ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል ያዋዋሉትም እሳቸው ናቸው። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ቢፈልጉ እንደሚችሉ የሚናገር ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም በዐድዋ በደም ተፈጸመ።

ይህን ስንል እንግዳ ሁሉ ይጠርጠር ማለታችን አይደለም። ለሌት ማረፊያ እንግዶች መሬት መስጠት የአገር ወግ ነበር፤ በወጉም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የብዙ ሰው ሕይወት ያስከፈለው እንግዳ መቀበሉ ሳይሆን፣ በአንድ ውል ላይ ሁለት ቃል መጻፉ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጋዜጣ ስለ ብድር፣ ስለ መሬት ኪራይ ወይም ስለ ፋብሪካ ውል የሚያነብ ወጣት ሠራተኛ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ አማርኛው የሚለውንና ሌላው ቋንቋ የሚለውን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው አለን? ይህን የሚያስጠይቀው ታሪክ ከጌጥነት አልፎ መካሪ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ከታሪኩ ለዛሬ ሥራ የሚጠቅመው ነው። ስለ ደብረ ብርሃን ከሚሰማው ዜና አንዱ የፋብሪካ ዜና ነው። በ1957 ዓ.ም. የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተመረቀላት ከተማ፣ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ አገኘች። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ከዚህ ዜና አጠገብ የትኛው ታሪክ ይቀመጥ?

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ስለ ታየ በሥፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው፣ በ1460 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከተማቸው አደረጉት። ነገሥታቱ በድንኳን ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ በነበረበት ዘመን ይህ አዲስ ነገር ነበር። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ግን ወደ ቀድሞው ልማድ ስለ ተመለሱ የደብረ ብርሃን መናገሻነት ቀረ።

አንኮበርም እንዲሁ ናት። በደጋውና በቆላው መካከል በገደል አፋፍ ተቀምጣ፣ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል እየደረሰላት፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ሆና ኖረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እስከ 1840 ዓ.ም. የውጭ መልእክተኞችን በዚያ አገር ተቀበሉ። ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ወጥተው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ግን መናገሻነቱ ሄደ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ንግዱ ባቡሩን ተከተለ። ዛሬ በኮረብታው ላይ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የሚታየው የግንብ ፍርስራሽ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንረዳው ግልጽ ነው። በአንድ ምሰሶ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቀል ይወድቃል። ደብረ ብርሃን በቤተ መንግሥት ብቻ ቆማ ንጉሡ ሲያርፉ መናገሻነቷን እንዳጣች ሁሉ፣ በመጪ ፋብሪካ ብቻ የቆመች ከተማም ባለ ገንዘቡ ፊቱን ባዞረ ቀን ባዶዋን ትቀራለች። የሚያጸናት ከአካባቢው የበቀለ ሥራ ነው። የመንዝ በግና ሱፉ፣ የባናና የዝተት ሠሪው እጅ፣ የደጋው ገብስና ይህን ሁሉ የሚያመርተው ገበሬ ከፋብሪካው በፊት ነበሩ፤ ከፋብሪካውም ጋር ሊኖሩ ይገባቸዋል። ከ1957ቱ ፋብሪካ የሚወሰደው ትምህርትም ይህ ነው፤ የበግ አገር በሆነ ደጋ ላይ የሱፍ ሥራ መትከል አገሩን ዐውቆ መሥራት ነው። ስለዚህ ለአዲስ ሕንፃ መሬት የሚለካ ወጣት ሠራተኛ፣ ገመዱን ከመዘርጋቱ በፊት መሬቱ እስከ ዛሬ ማንን ሲመግብ እንደ ኖረ ይጠይቅ።

እንዲህ ማሰብ አዲስ ነገርን መጥላት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በአንጎለላ የተወለዱትን የዐፄ ምኒልክን ሥራ ይመልከቱ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አሮጌውን ሁሉ አፍርሰው አልጀመሩም። አፈ ንጉሡን የፍርድ ሚኒስትር፣ ጸሐፌ ትእዛዙን የጽሕፈት ሚኒስትር አደረጉ። ሕዝቡ በሚያውቀው ሥልጣን ላይ ያላወቀውን አሠራር ስለ ተከሉበት፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት መቆሚያ አገኘ። ወግን መጠበቅ ማለት ይህ ነው፤ የቆመውን ለምን እንደ ቆመ ሳይረዱ አለመንቀል፣ አዲሱንም በጽኑ መሠረት ላይ ማኖር።

እንግዲህ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች የዕለቱን ታሪክ ማንበባችሁን አትተዉ፤ ነገር ግን በቀኑ ላይ አትቁሙ። አንድ ዜና ስታነቡ የዚያኑ ነገር አባትና አያት ፈልጉ። ውል ከሆነ ከዚህ በፊት የነበረውን ውል፣ ከተማ ከሆነ ከዚህ በፊት የተነሣውንና የወደቀውን ከተማ፣ ሹመት ከሆነ ከዚህ በፊት የነበረውን ሥልጣን መርምሩ። ነገ በእጃችሁ ማኅተም ሲሰጥ፣ ወረቀቱ ላይ የምታሳርፉት የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ አይደለም፤ የዛሬውን ነገር ለነገው ታሪክ ታስረክባላችሁ። አስረካቢ ደግሞ የተረከበውን ሊያውቅ ይገባዋል።