የሮክ ክሪክ አጋዘኖች፦ ዓይናቸው ስለሚያምር ብቻ?

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ስለ አጋዘን አንድ ታሪክ አያጣም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ 16ኛው ጎዳና ላይ፣ የመኪናው መብራት ሲያርፍባት ደርቃ የቀረች አጋዘን። ሲልቨር ስፕሪንግ ጓሮው ጎመን የተከለ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ ጠዋት ሲነሳ አገዳው ብቻ። (እኛ አገር አጋዘን የምንለው ባለ ጠምዛዛ ቀንዱን ነው። የአሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት ሌላ ዘር ነው፤ ስሙን በስደት አዋስነው።) ይሁንና እነዚሁ ሰዎች ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ አጋዘን በጥይት እንደሚገደል ሲሰሙ “ውይ! ምን አደረጉ?” ይላሉ።

እኔ ግድያው ትክክል ነው እላለሁ። እስኪ ላስረዳ።

ሮክ ክሪክ በ1890 የተከለለ፣ ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰነጥቅ ጫካ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እዚያ አጋዘን ማየት ብርቅ ነበር፤ ቀደም ሲል በአደን ከምሥራቅ አሜሪካ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበርና። በኋላ አደኑ በሕግ ተገደበ። ተኩላው ግን አልተመለሰም። ጠላት የሌለው፣ ጓሮ ሙሉ ቀለብ ያለው እንስሳ ምን ያደርጋል? ይራባል። ፓርኩ እቅድ ሲያዘጋጅ በነበረባቸው ዓመታት በአንድ ስኩዌር ማይል ከ60 እስከ 80 ገደማ አጋዘን ይቆጠር ነበር። የእቅዱ ግብ ከ15 እስከ 20 ነው።

“ታዲያ ቢበዙስ?” ላላችሁኝ መልሱ አጥሩ ነው። ተመራማሪዎች ጫካው ውስጥ ጥንድ ጥንድ ቦታ መረጡ፤ አንዱን አጠሩ፣ አንዱን ክፍት ተዉት፣ ከ2001 እስከ 2009 ተከታተሉ። ዛፉም አፈሩም ዝናቡም ያው ነው። አጋዘን ባልገባበት ቁጥቋጦው ሞላ፤ በገባበት ራቁቱን ቀረ። ከብት የሚገባበት የደብር ጫካ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ትልልቁ ጽድ ግርማ ሞገሱን ይዞ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን የሚተካው ችግኝ የለም። ከሩቅ ሲያዩት ደን ነው፤ ነገር ግን ልጅ የሌላቸው ሽማግሌዎች ስብስብ ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ ጎጆ የሚሠሩት ወፎችም አብረው ይሄዳሉ። ለእነሱ “ውይ” ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ምናልባት እንደ አጋዘኗ ትልልቅ ዓይን ስለሌላቸው ይሆናል።

ተቃዋሚዎቹ ቀላል ሰዎች አይደሉም። ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል፤ በ2015 ይግባኝ ሰሚውም ለፓርኩ ፈረደ። “የወሊድ መከላከያ ክትባት ስጧቸው” የሚለው ሐሳባቸው ጆሮ ላይ ደስ ይላል። ደሴት ላይ ወይም በአጥር ለተከበበ መንጋ ሊሠራ ይችላል። በአራቱም ማዕዘን ክፍት በሆነ የከተማ ጫካ ግን እያንዳንዷን እንስት ፈልጎ መውጋት፣ ከዚያም ክትባቱ ኃይሉን ሲጨርስ መድገም ያስፈልጋል። ደግሞ የተከተበችው አጋዘን አትወልድም እንጂ መብላቷን አታቆምም።

በእኔ ወገን ያሉትም አንዳንዴ ያጋንናሉ። “አጋዘኑን ግደሉ፣ የላይም በሽታ ይጠፋል” የሚለውን አልቀበልም። አጋዘን ትልልቁን መዥገር ትቀልባለች፤ ተህዋሲውን ለመዥገር የምታስተላልፈው ግን በዋናነት ትንሿ የጫካ አይጥ ናት። ጫካው ራሱ በቂ ምክንያት ሆኖ ሳለ የማይጨበጥ ተስፋ መሸጥ ለምን አስፈለገ?

የባለሥልጣኖቹ ቋንቋም አይጥመኝም። “ቅነሳ”፣ “የመንጋ አስተዳደር” ይላሉ። ጋዜጠኝነት ስንማር ነገርን በስሙ ጥሩ ተብለናል፤ ስለዚህ ግድያ ነው። ከ2013 ወዲህ በብርዱ ወራት፣ ሌሊት፣ ፓርኩ ለሕዝብ ተዘግቶ፣ የሠለጠኑ ተኳሾች አነጣጥረው ይገድላሉ። ሥጋው ችግረኞችን ለሚመግቡ ድርጅቶች ይሰጣል። ይህን ፊት ለፊት መናገር ምን ያሳፍራል? ተኩላውን ያጠፋነው እኛ ሰዎች ነን፤ ሥራው ሜዳ ላይ ሊቀር አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደው ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ጤነኛ እናት አጋዘን ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች፤ ጥቂት ዓመት ቢታለፍ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በአንጻሩ የኦክ ችግኝ ዛፍ እስኪሆን አሥርት ዓመታት ይፈጃል። በ2021 በተደረገው ቆጠራ የችግኙ ብዛት ከ2009ኙ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ገና ጉልበት የሚደርስ ችግኝ ነው፣ አጋዘን በአንድ ጉርሻ የምትጨርሰው።

ጓሯችሁ ለምትመጣዋ አጋዘን “ታሳዝናለች” እያላችሁ በቆሎ የምትበትኑ እህት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተዉ። በብርዱ ወር የምትሰጧት እፍኝ በቆሎ በግንቦት ሁለት ግልገል ሆኖ ይመጣል፤ ለነሱ ደግሞ ጥይት መግዛት ሊኖርብን ነው።