ምስጢር ጠባቂ ጓደኛ ብቻውን አይበቃም

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የልደታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰማርተን ነበር። የትምህርት ዕቅዳችንን አዘጋጅተን፣ ጠመኔያችንን ይዘን ገባን። ከተማሪዎቻችን አንዷ ከኋላ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ መዋል ጀመረች። እኛም በመከታተያ ደብተራችን «ተሳትፎዋ ዝቅተኛ ነው» ብለን ጽፈን አለፍን። መቅረት ስታበዛ ግን አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ እያለቀሰች መጣች፤ «መኖር ሰልችቶኛል ካለችኝ ወር አልፏል፤ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነው» አለችን። ደግነቱ ቤተሰብ ደረሰላትና ሕክምና ጀመረች። ጓደኛዋ ወር ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችው ነገር ግን የአንዲት ልጅ ጫንቃ የሚችለው አልነበረም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የእኛ ነው። ዝቅተኛ ነው ብለን ጻፍን እንጂ ምን ሆነሽ ነው ብለን አልጠየቅንም።

እንደሚታወቀው ወጣት ሲከፋው መጀመሪያ የሚነግረው ለጓደኛው ነው። ስለሆነም «ተማሪ ተማሪን ይምከር ወይስ አይምከር?» እያሉ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። እየመከሩ ነው እኮ! ጥያቄው ሠልጥነውና ከኋላቸው መምህር ቆሞላቸው ነው ወይስ ብቻቸውን የሚለው ነው።

ችግሩም የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ ወጣቶች መካከል ከ7ቱ 1ዱ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥመዋል። በአገራችን በዚህ ላይ የፈተና ጭንቀት ይጨመርበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ 97ቱ ያን ውጤት ይዘው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ማን አነጋገራቸው?

አንዳንድ መምህራኖቻችን «ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል ይገባሉ» ይላሉ። ስጋቱ እውነትነት አለው። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ የነበሩትን የፀረ ኤድስ ክበባት እናስታውስ። ትልልቆች አፍረው ያልተናገሩትን ተማሪዎች በሚኒ ሚዲያና በአቻ ለአቻ ውይይት ተናግረውታል። በዚምባብዌም እ.ኤ.አ. በ2006 የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጨነቀ ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። በ2016 የታተመ ጥናት ሥራው ጭንቀትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። አያቶቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሠልጥነዋል፣ ከአቅም በላይ የሆነውንም ወደ ባለሙያ ያስተላልፋሉ።

ስለዚህ አንድ የምክር ክበብ ሲቋቋም ሦስት ነገሮች ይሟሉለት እንላለን። አንደኛ፣ ተማሪው አዳማጭ እንጂ ሐኪም አለመሆኑን ይወቅ። ሁለተኛ፣ ምስጢር ይጠበቅ፤ የሕይወት አደጋ ሲኖር ግን ለመምህር መንገር ክህደት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ይነገር። ሦስተኛ፣ በስም የሚታወቅ ተጠሪ መምህርና ወደ ሕክምና የሚወስድ መንገድ ይኑር።

ክበቡ ሌላም ሥራ አለው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን አድኗል፤ በየሰፈራችን ግን ስሙ እስከ ዛሬ መሳደቢያ ነው። «አማኑኤል ግባ!» የሚባል ልጅ ሕክምና ፍለጋ እንዴት ይወጣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሚያስደብቀው ግን የእኛው ምላስ ነው። ይህን ስድብ ከግቢ ለማስወጣት ከተማሪዎች የተሻለ ሰው የለም።

ውድ መምህራኖቻችን፣ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ ደጋግማችሁ አስተምራችሁናል፤ እናመሰግናለን። ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት የተከፋን ልጅ እንዴት እንደምናናግርም እርስ በርስ እያስመሰልን እንድንለማመድ አንድ ከሰዓት ስጡን። እኛም ሠልጣኞች በመከታተያ ደብተራችን «ዝቅተኛ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ወደ ኋላ መቀመጫ ሄደን እንጠይቅ። ይታሰብበት!