ሞተሩን ብቻ አትቀይሩ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ነው። «የቤት ሠራተኛ ሆነሽ ስለ ሞተር ምን ያገባሻል?» የምትለኝ ካለች እስከ መጨረሻው ታንብበኝና ከዛ ትፍረድብኝ።

ኩዌት ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ የድሮ የአሜሪካ መኪና ይወዳል። ካቻምና በፈረንጆቹ 1969 የተሠራ ካማሮ ገዛ። አቧራውን በየጠዋቱ የማራግፈው እኔ ስለሆንኩ ጥግ ጥጉን ሳይቀር አውቀዋለሁ። መልኩ ያምራል፤ ችግሩ ኮፈኑ ሲከፈት ነው። ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 5 ሊትር ነው፤ ቤንዚን የሚያገኘው በካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር አየር ሲያልፍበት ቤንዚን እየሳበ የሚቀላቅል ዕቃ ነው። የዚህን አገር የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ልጁ መኪናውን ለአሥር ደቂቃ አቁሞ ሲመለስ፣ ቤንዚኑ እዛው ካርቡሬተሩ ውስጥ ፈልቶ መኪናው አልነሳም ይለዋል።

ስለዚህ አዲስ ሞተር ላስገባለት ብሎ ተነሳ። ኤልኤስ 3 ይባላል፤ በ2008 ኮርቬት ላይ የመጣ፣ 6.2 ሊትር፣ ብሎኩ አሉሚኒየም የሆነ፣ በኢንጀክሽን የሚሠራ። የድሮው ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 200 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለለት ነው። አዲሱ 430 ነው።

ባባ በጣም ተቆጡ። ዲዋኒያው ውስጥ ሻይ ሳመላልስ ስንት ማታ በዚህ ሲከራከሩ ሰማሁ። «አብሮት የተወለደውን ሞተር ካወጣህበት መኪናው ዋጋ የለውም» ይላሉ። ልጁ ደግሞ «ቆሞ ከሚሞገስ ሄዶ ይታይ» ይላል። እኔ ሻዩን ስቀዳ በልቤ ከልጁ ጋር ነበርኩ። የማይንቀሳቀስ ነገር ስለተመሰገነ አይድንም። የድሮው ሞተር ዘይት ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ መጋዘን ይቀመጣል፤ የፈለገ ቀን ይመልሰዋል።

ከዛ መካኒኩ መጡ። ሽማግሌ ህንዳዊ ናቸው፤ ዓረብኛቸው እንደኛው ስብርብር ነው። ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ «ሞተሩን ብቻ ከሆነ እኔ አልገጥምም» አሉ። ልጁ ለምን ሲላቸው አንድ በአንድ ቆጠሩለት።

መጀመሪያ ቤንዚኑ። የድሮው ፓምፕ ለካርቡሬተሩ ከ6 እስከ 7 ፒኤስአይ ግፊት ቢሰጥ በቂ ነው። አዲሱ ሞተር 58 ይፈልጋል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ጋኑ ውስጥ መግባት አለበት። ጋኑም ውስጡ ክፍልፍል ያለው መሆን አለበት፤ አለዚያ መኪናው ሲታጠፍ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ሁለተኛ ሽቦውና ኮምፒውተሩ። ኢንጀክሽን በግምት አይሠራም፤ የሚገባውን አየር፣ የሞተሩን ሙቀት፣ በማርሚታው የሚወጣውን ኦክስጅን በሴንሰር እያነበበ ነው ቤንዚኑን የሚመጥነው። ሦስተኛ ራዲያተሩ። አራተኛ ካምቢዮው፣ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግና ዲፈረንሻሉ፤ ለ200 የተሠራ ነገር 430 ሲመጣበት ይሰበራል። አምስተኛ ፍሬኑ። የዚህ መኪና አራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ፍሬን ነው፤ ታምቡር ደጋግሞ ሲያዝ ይግልና መያዙን ይቀንሳል። ዲስክ ይግባበት አሉ።

ልጁ ወጪውን ሲሰማ «ሞተሩን ግጠምልኝ፣ ሌላው ቀስ እያለ ይደርሳል» አለ። ሽማግሌው «ሞተሩ ከገባ በኋላ ሌላውን አትሠራውም። መኪናው ይሄድልሃላ! ለምን ታወጣለህ?» ብለው ቦርሳቸውን አነሱ። ልጁም ከፈለ።

እኔን የያዘኝ ይቺ ንግግር ናት። አጎቴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ «ጭነት ጨምሮ ፍሬን ያላየ ሰው ሒሳቡን ቁልቁለቱ ላይ ይከፍላል» ይለን ነበር። መካኒኩም አጎቴም የሚያውቁት ያንኑ ነው።

የዛን ለት ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። እዚህ ቤት ስገባ አራት ሰው ነበር፤ ውሌም የተጻፈው ለዛ ነው። ከዛ አያትየው ታመው መጡ። ሌሊት የሚያነሳቸው ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ሆንኩ። ከዛ ትንሹ ልጅ አግብቶ ሚስቱን አመጣ፤ መንታ ወለደች። ዛሬ ስምንት ሆነዋል። ደሞዜ ያው ነው። ክፍሌ ያው ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለችው ናት። የምተኛበት ሰዓት ግን ያው አይደለም፣ አንሷል። ጉልበቱ በእጥፍ ሲጠየቅ ፍሬኑም ራዲያተሩም ካለበት አልተነሳም። «ሌላው ቀስ እያለ ይደርሳል» የተባለው ለእኔም ነበር፤ ግን ቦርሳ አንስቶ «አልገጥምም» የሚል ሽማግሌ አልነበረኝም።

አሠሪዎቻችን ይህን አያውቁም እንዳትሉኝ። ያውቁታል! ለብረቱ ሲሆን በደንብ ያውቁታል፤ ገንዘብ ቆጥረው ከፍለውበታል። ስለዚህ «አላሰብንበትም» የሚለውን እኔ አልቀበልም።

መክተቦቹም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። መካኒኩ እንደነገሩን በ1969 አሜሪካኖቹ የሞተር ጉልበት የሚለኩት ሞተሩን ለብቻው ማቆሚያ ላይ አድርገው፣ ማርሚታውና ሌላው ተቀጥላው ሳይጫንበት ነበር። ያን አለካክ የተዉት በ1972 ነው። መክተብም እኛን የሚለካን እንደዛ ነው። «ጠንካራ ናት፣ ልጅ ትይዛለች፣ ታበስላለች፣ በሽተኛ ታስታምማለች» ብሎ ይጽፋል። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ላይ ሲጫን ምን እንደሚቀር አይጽፍም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልምጣ፤ አትቀየሙኝ። ስንገናኝ የምናወራው ምንድነው? «እኔ ብቻዬን ሦስት ፎቅ ነው የማጸዳው፣ እኔ አራት ሰዓት ብቻ ተኝቼ እውላለሁ።» እንደ ጀግንነት! አዲስ የመጣች ልጅ ደከመኝ ስትል «አይዞሽ ትለምጂዋለሽ» እንላታለን። እኔም ብያለሁ። ያኔ እኛም ከመክተቡ ጋር ሆነን ባዶ ሞተር እየለካን ነው። የሚለመድ ነገር አለ፤ እንቅልፍ ማጣት ግን ከዛ ውስጥ አይደለም።

«ሰውን ከመኪና ጋር ታመሳስያለሽ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔን የቆጨኝ እኮ ከመኪናው አንሰን መታየታችን ነው። ደግሞ የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። እዚህ ኩዌት በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት አይለፍ፣ ዕረፍትም ይኑር ይላል። በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ደሞዝ ያለው ፈቃድ ይላል። የኛ ፍሬንና ራዲያተር ይሄው ነው፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

«ብናገር ወደ አገር ይመልሱኛል» የምትይውን እህቴን አልንቅሽም። እኔም ለሁለት ዓመት ዝም ያልኩት በዚሁ ፍርሃት ነው፤ እናቴ የምትበላው ከኔ እጅ ነው። ግን ዝምታዬ ምን አመጣልኝ? ሸክሙ ከገባ በኋላ ስናገር ማዳም «እስከዛሬ ስትሠሪው አልነበር?» አለችኝ። ልክ ሽማግሌው እንዳሉት ነው፤ መኪናው ይሄድላታላ።

በመጨረሻ የተናገርኩት ሁለተኛዋ ምራት ልትመጣ ሲወራ ነው፤ ከመምጣቷ በፊት። «ማዳም፣ ለልጅሽ መኪና ሞተሩ ሲጨምር ፍሬኑም ተቀይሯል። እኔ ላይ ሰው ሲጨመር ምን ይቀየራል?» አልኳት። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ለአያትየው የሌሊት ሰው ቀጠሩ፣ ዓርብ ከሰዓትም እንድወጣ ተፈቀደልኝ። ሙሉ ቀን አይደለም፤ ሕጉ ከሚለው ያንሳል። መጠየቄን አላቆምኩም።

ሁሉም ቤት እንደዛ ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የሚጮህ አለ፣ የሚማታም አለ። እንደዛ ዓይነት ቤት ያለሽ ብቻሽን አትጋፈጪ፣ መጀመሪያ ለማኅበራችን ንገሪ። ሌሎቻችን ግን ከዛሬ ጀምሮ ደብተር እንያዝ። ስንገባ ስንት ሰው ነበር፣ አሁን ስንት ነው፣ በስንት ሰዓት ተነስተን በስንት ሰዓት ተኛን፤ እንጻፈው። «እንግዳ ሊመጣ ነው»፣ «ልጅ ሊወለድ ነው» ሲባል ደግሞ ያኔውኑ፣ ሸክሙ ሳይገባ እንናገር። ከገባ በኋላ የሚሰማን የለም።

መኪናው አሁን በደንብ ይሄዳል። ባባም ሳይቀሩ ዓርብ ዓርብ ይወጡበታል። እኔም ወደናንተ የምመጣው በዛችው ሰዓት ነው።