ፊደል ሲጠብ ንባብ አብሮ እንዳይጠብ

የማስተማር ልምምድ በተቃረበ ቁጥር እጩ መምህራን ቻርት ለማዘጋጀት ደፋ ቀና ማለት የተለመደ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ተግባር ነው። ሆኖም በአንዳንድ ቻርቶች ላይ አንድ ልማድ እየተስፋፋ መጥቷል። ይኸውም ፊደሉን ቀጭን፣ ረጅምና ጠባብ አድርጎ በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ ቃል ማጨቅ ነው። «ዘመናዊ ነው፤ ወረቀትም ይቆጥባል» ይባላል። እኛ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ አስተያየት አለን።

በመጀመሪያ ቀጭንና ጠባብ ፊደል የሚገባውን ክብር እንስጠው። የአላዋቂ ሥራ አይደለም። ለምሳሌ የላቲንን ፊደል ብንወስድ፣ ስዊሳዊው አድሪያን ፍሩቲገር የነደፈው ዩኒቨርስ የተባለ የፊደል ቅርጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከፓሪስ ሲወጣ 21 ዓይነት ነበረው። በጫፎቹ ላይ ጌጥም ሆነ ጭረት የሌለው ልሙጥ ፊደል ነው። ፍሩቲገር ለያንዳንዱ ዓይነት ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ሰጠው። የመጀመሪያው አኃዝ የመስመሩን ውፍረት፣ ሁለተኛው የፊደሉን ስፋትና ዝንባሌ ያመለክታል። 55 መደበኛው ነው። 57 ጠበብ ያለ ነው። 39 ደግሞ ከሁሉም የቀጠነውና እጅግ የጠበበው ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። 39 ለሁሉም ሥራ ይሁን ተብሎ አልተነደፈም። ከ21 ወንድማማቾች አንዱ ነው። ጠባብ ፊደል ረጅም አርእስት በጠባብ ዓምድ ውስጥ ለማስገባት፣ ለሠንጠረዥና ለማስታወቂያ ይጠቅማል። በትልቁ ሲጻፍና በቅርብ ሲነበብ ያምራል። ጠቦ በትንሹ ከተጻፈ ግን ክቡ ፊደል ክብነቱን ያጣል፣ ጎኖቹ ቀጥ ይላሉ፣ በውስጡ ያለው ክፍት ቦታ ይደፈናል። ከሩቅ ሲያዩት የአጥር እንጨት ይመስላል።

ይህን የመንገድ ምልክት የሚሠሩ ሰዎች በሚገባ ያውቁታል። በጀርመን አገር ጠባቡ የመንገድ ፊደል የሚገባው መደበኛው አልበቃ ሲል ነው። በአሜሪካም ለመንገድ ከተዘጋጁት ፊደሎች እጅግ ጠባቡ፣ «ኤ» የተባለው፣ በፍጥነት ለሚጓዝ ሰው ስለማይነበብ ከአገልግሎት ወጥቷል። ራሱ ፍሩቲገርም እ.ኤ.አ. በ1974 ለተከፈተው የፓሪሱ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ምልክት እንዲሠራ ሲጠየቅ፣ ዩኒቨርስን እንዳለ አልወሰደም። ከሩቅ የሚለይ፣ ገለጥ ያለ አዲስ ፊደል ነደፈ።

የላቲን ፊደል እንዲህ ከሆነ የኛ ፊደል እንዴት ይሆን? የኛ ፊደል ልዩነቱን የሚይዘው በትንንሽ ምልክት ነው። «በ» ሁለት እግር ሲኖረው «ሐ» ሦስት አለው። «ቡ» ጭረቱ ከቀኝ እግሩ መሐል ላይ ነው፤ «ቢ» ከታች ነው፤ «ቤ» ደግሞ ቀለበት ይይዛል። ፊደሉ ሲጠብ ጭረቱ ያጥራል፣ ቀለበቱ ይደፈናል፣ የ«ሐ» ሦስት እግሮችም አንድ ላይ ይጣበቃሉ። ያን ጊዜ «ቡላ» እና «ቢላ» ምን ይለያቸዋል? «ኪስ» ተብሎ የተጻፈው «ኩስ» ተብሎ ቢነበብ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል እንጂ ትምህርት አይሆንም።

«እኛ እናነበው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እናነበዋለን። ነገር ግን እኛ የምናነበው ቃሉን ስለምናውቀው ነው። ግማሹን አይተን ግማሹን እንገምታለን። የአንደኛ ክፍል ልጅ ግን የሚገምተው ነገር የለውም። አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው የሚያነበው። በተጨናነቀ ክፍል የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ ወይም ዓይኑ ደከም ብሎ መነጽር ያላገኘ ልጅ ሲሳሳት፣ ጥፋቱ የቻርቱ መሆኑን ማን ይነግረዋል? «እኔ አልችልም» ብሎ ዝም ይላል። ዝም ያለ ልጅ ደግሞ ቀስ በቀስ ከትምህርት ይርቃል። አንድ ወረቀት ለመቆጠብ ይህን ያህል መክፈል ተገቢ ነው ወይ?

የወረቀትና የማርከር ዋጋ እንደሚከብድ አይጠፋንም፤ ከኪሳችን ነው የምንገዛው። መፍትሔው ግን ፊደሉን ማጥበብ ሳይሆን ቃሉን መቀነስ ነው። አሥር ዓረፍተ ነገር ከሚታጨቅ ሦስቱ ተመርጠው ሰፋ ብለው ይጻፉ፤ የቀረውን መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፈው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን። ጠባቡ ፊደል ለግድግዳ ጋዜጣ አርእስት፣ ለክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥና ለማስታወቂያ ይዋል። ለታችኞቹ ክፍሎች በሚዘጋጅ ቻርት ላይ ግን አይግባ። ማንኛውም ቻርት ከመቅረቡ በፊት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከመጨረሻው ወንበር ይነበብ። የሚያነበውም ጸሐፊው ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን። ክቡራን መምህራኖቻችንም የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲገመግሙ ለውበቱ ብቻ ሳይሆን ከሩቅ ለመነበቡም ነጥብ ቢሰጡ እጅግ ይጠቅመናል።

ቻርት የሚሰቀለው ለገምጋሚ ሳይሆን ለልጁ ነው። ልጁ ካላነበበው፣ የቱንም ያህል ቢያምር ግድግዳ ከመሸፈን አያልፍም።