መርጌታ ማለት ኮከብ ቈጣሪ አይደለም

ባለፈው ወር በ12 ቀን የየካ ቅዱስ ሚካኤልን ቅዳሴ አስቀድሼ በእግሬ ወደ መገናኛ መጣሁ። ያ ስፍራ እንደ ስሙ ነው፤ ከቦሌና ከኮተቤ፥ ከአያትና ከሃያ ሁለት የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ይገናኛል፤ ሁሉም ይቸኵላል። በታክሲው ተራ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ልጅ ጥምጣሜን አይታ ቀረበችና እጅ ነሥታ፥ «አባቴ፥ መርጌታ ነዎት?» አለችኝ። «አዎን ልጄ» አልኋት። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «እንግዲያስ ኮከቤን ይቍጠሩልኝ፤ ወደ ዐረብ አገር ልሄድ ነውና ይቀናኝ እንደ ሆነ ልወቅ» አለችና ከቦርሳዋ ብር ማውጣት ጀመረች።

በልጅቱ አልተቈጣሁም። የተቈጣሁት የማዕርጋችን ስም በምን ዋጋ ለገበያ እንደ ወጣ ባየሁ ጊዜ ነው። መርጌታ ማለት መሪ ጌታ ማለት ነው፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በግራና በቀኝ ቆመው ሲከተሉት፥ ማኅሌቱን የሚመራ፥ ዜማ የተሳተ እንደ ሆነ የሚያቀና ሰው ነው። ለዚህም ስም ስንት ዓመት ደጅ ይጠናል፥ ስንት ሌሊት ይቆማል! ዛሬ ግን በየምሰሶው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት፥ መርጌታ እገሌ ኮከብ ይቈጥራል፥ የከዳ ባል ይመልሳል፥ ለገበያና ለፍርድ ቤት መድኃኒት ይሰጣል ይላል። ወረቀቱ ከግንብ ቢፋቅ በስልክ ይመጣል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ጾመ ድጓን ከምዕራፍ ለይተው የማያውቁ ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሚያሳፍረው ግን የተማሩትም ከመካከላቸው መኖራቸው ነው።

እስቲ የሚሸጡት ዕቃ ምን እንደ ሆነ እንመርምር። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል በቍጥር ለውጠው ይደምራሉ፥ በ12 ይገድፋሉ፥ የተረፈውን ኮከብህ ነው ይሉታል። የኮከቦቹም ስም ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን፥ አሰድ እያለ ይሄዳል። ግእዝ የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት አይጠረጥርም? ቃሉ ዐረብኛ ነው። ነገሩም ከባቢሎን ተነሥቶ በግሪክ አልፎ በዐረብ በኩል የደረሰን ነው እንጂ ከነቢያትም ከሐዋርያትም የወረስነው አይደለም። ባሕረ ሐሳብን ከዚህ ጋር የሚያደባልቅ ቢኖር ይፈር፤ ባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴ ቈጥሮ ትንሣኤ መቼ እንዲውል ይነግረናል፤ ወለተ ማርያም ማንን እንድታገባ አይነግረንም።

ደግሞ ሰው ሁለት ስም አለው። ወንድ በ40 ቀን፥ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ በቤት የሚጠሩበት ስም ሌላ ነው። በየትኛው ይቈጠራል? በአንዱ አንበሳ፥ በሌላው በሬ ቢወጣበትስ? በአበገደ ሥርዓት የሚቈጥር ሰው ሀሌታውን ሀ 5፥ ሐመሩን ሐ 8 ይለዋል፤ የዛሬ ዘመን ልጆች ደግሞ ኃይሌን በሦስቱም ሀ ይጽፉታል። እንግዲህ የሰው ዕድል በቀበሌው ጸሐፊ የፊደል ስሕተት የሚለወጥ ከሆነ፥ እግዚአብሔርን ከመለመን ጸሐፊውን መለመን ይሻል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ተገፍተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙዎቹ ከጉልበታቸው በቀር የያዙት አልነበራቸውም። በእነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ዐሥራ ሁለቱም ኮከብ ተሳፍሮ ነበር፤ የቀናው ኮከብ የትኛው ነው?

ይህን የምጽፈው ከነገሩ ንጹሕ ስለ ሆንሁ አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ግድም በጎጃም ቅኔ ስማር፥ ደበሎ ለብሼ አኰፋዳ ይዤ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ በምለምንበት ጊዜ፥ ከጓደኛዬ የቀዳሁት የሐሳበ ኮከብ ደብተር ነበረኝ። አንዲት ባልቴት ልጃቸውን ለጎረቤታቸው ልጅ ሊድሩ አስበው ኮከባቸው ይገጥም እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እኔም የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፥ የተራብሁ፥ ዐዋቂ መባልም የጣመኝ ነበርሁና ቈጠርሁ፤ አይገጥምም አልኋቸው። እንጀራ በወጥ አበሉኝ፥ ሽምብራም ቋጠሩልኝ። ጋብቻው ፈረሰ። ልጅቱ ለሌላ ሰው ተዳረች፤ ያም ሰው ይደበድባት እንደ ነበረ በዓመቱ ሰማሁ። ደብተሬን ገልጬ እንደ ገና ብቈጥር መጀመሪያ የደመርሁት ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ በትክክል ቢቈጠር ኖሮ ይገጥም ነበር። ለመምህሬ ስነግራቸው ሁለት ወር ከጉባኤ ከለከሉኝና፥ «በድምሩ መሳሳትህን ተወው፤ በትክክል ብትደምርስ ኖሮ የማንን ልጅ በማን ሥልጣን ትፈርድባት ነበር?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስሁትም።

አሁን ግን የሚጠይቀኝ ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ፤ ኮከቡ ሐሰት ከሆነ፥ ጠንቋዩም፥ በአዳራሽ ቆሞ ስልክ ቍጥርህን እነግርሃለሁ የሚለውም፥ በጠበል ቦታ ተቀምጦ ጠላትህ አክስትህ ናት የሚለውም ሐሰት ከሆኑ፥ የእግዚአብሔርን ፈቃድ በምን እንወቅ? ይላል። መልካም ጥያቄ ነው።

የአብርሃምን ሎሌ እንመልከት። ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ በተላከ ጊዜ በቤቱ ተቀምጦ ምልክት አልጠበቀም፤ ዐሥር ግመል ጭኖ ረጅም መንገድ ሄደ፤ ከውኃው ጕድጓድ ደርሶ ጸለየ። የለመነውም ምልክት የኮከብ መብረቅረቅ አይደለም፤ ለመንገደኛው ውኃ ሰጥታ፥ ሳትለመን ለግመሎቹም የምትቀዳ ልጅ ትሁን ብሎ ነው። ከመንገድ የደረሰ ዐሥር ግመል ስንት እንስራ እንደሚጨርስ ያየ ሰው የዚህን ፈተና ክብደት ያውቃል። እንግዲህ ሎሌው በአንድ ጊዜ ወደ እግዚአብሔርም ለመነ፥ የልጅቱንም ጠባይ መረመረ፤ ሁለቱ ለእርሱ አንድ ሥራ ነበሩ። የእኛ ሰው ግን የሙሽራውን ኮከብ ይጠይቃል፤ ለሠራተኛው ደመወዝ በጊዜው ይከፍል እንደ ሆነ፥ ለእናቱ ይራራ እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ሐዋርያትም ስለ ማትያስ ዕጣ ጥለዋል የሚል ይኖራል። አዎን ጥለዋል፤ ነገር ግን አስቀድመው ከጌታ ጋር የነበሩትን ሰዎች መርምረው፥ ሁለቱን ለይተው፥ ጸልየው ነው። በካይሮም በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን ዐይኑ የታሰረ ሕፃን ከመንበሩ ላይ ዕጣ አንሥቶ አባ ታውድሮስ ፓትርያርክ በሆኑ ጊዜ፥ አስቀድሞ መራጮች ድምፅ ሰጥተው ሦስት ሰዎች ተለይተው ነበር፤ ሕዝቡም ሦስት ቀን ጾሞ ነበር። ሰው የሚቻለውን ሁሉ ሠርቶ ሲጨርስ ቀሪውን ለእግዚአብሔር ይተዋል። መገናኛ ላይ የሚጠየቀው ዕጣ ግን በሥራው መጨረሻ ሳይሆን በሥራው ፈንታ የሚጣል ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ምንም ሳይሠራ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ የሚቀመጥ አለ። እግዚአብሔርስ ያውቃል፤ የማያውቀው ተቀማጩ ነው። ቅዱስ ያሬድ መዝሙረ ዳዊት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ ከሰማይ የወረደ ቃል አልሰማም፤ ያየው ትል ነው። ትሉም እየወደቀ እየተነሣ ወደ ዛፉ ላይ ሲወጣ አየ። ከዚያ በኋላ ያሬድ ተነሥቶ ተመለሰ፥ መምህሩንም ይቅርታ ለመነ፥ እያለቀሰም ጸለየ፥ ተማረም። ያንን ትል ስንት እረኛ አይቶት ይሆን? የያሬድ ልብ ግን አስቀድሞ በጸጸት የተሰበረ ስለ ነበረ ምሪት ሆነለት። ጾም፥ ጸሎት፥ ሱባኤ፥ ለነፍስ አባት ኀጢአትን መናገር፥ ምጽዋት የታዘዙልን ለዚህ ነው፤ ዐይናችንን ያጠሩልናል እንጂ የነገውን ወሬ አያመጡልንም።

ስለ ስለትም አንድ ቃል ልጨምር። ውሳኔውን ቈርጦ ጨርሶ፥ ጓዙን አስሮ፥ ከዚያ «ገብርኤል ሆይ፥ ይህን ብታደርግልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» የሚል ሰው ምሪት አልጠየቀም፤ ማኅተም ነው የጠየቀ። በታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የሚሄደው ሁሉ እንዲህ ነው አልልም፤ በዕንባ የተሳለውንና የተደረገለትን ብዙ ሰው ዐውቃለሁ።

ወደዚያች ልጅ ልመለስ። ብሯን መለስሁላትና፥ «ልጄ፥ ለነፍስ አባትሽ ነግረሻል?» አልኋት። አልነገረችም። «የሚልክሽ ኤጀንሲ ፈቃድ አለው?» አልኋት። አላወቀችም። «እናትሽስ?» ብላት ዐይኗ ዕንባ ሞላ፤ የምትሄደው እናቷ የተበደሩትን ለመክፈል ነበር። አትሂጂ አላልኋትም፤ ዕዳዋን የማልከፍል ሰው እንደዚያ የማለት መብት የለኝም። ሰባት ቀን እንድትጾም፥ በማለዳ ኪዳን እንድታስቀድስ፥ ውሉን ይዛ ከእናቷ ጋር በእሑድ ወደ እኔ እንድትመጣ ነገርኋት። ፊቷ ጠቈረ፤ በዐሥር ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነበር የፈለገች። ወደ አያት የሚሄደው ታክሲ ደረሰና ገባች፤ አትመጣም ብዬ ነበር።

በእሑድ ከእናቷ ጋር መጣች። ሰባቱንም ቀን ጾማለች። ውሉን ግን አልያዘችም፤ ደላላው «ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ይሰጥሻል» ብሏታል። እናቲቱ ይህን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያቸው ነበር።